ከቆዳ ሥር የሚቀበር የመድኃኒት በር

የካንሰር ሕክምና ለአጋሮ ሰው ለብዙ ዘመን የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ ኖሯል። በሽታው የተገኘበት ሰው ዐቅም ካለው ወደ አዲስ አበባ ተጉዞ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተራውን ይጠብቅ ነበረ፤ ዐቅም የሌለው ግን በቤቱ ተኝቶ የመጣውን ይቀበል ነበረ። ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ከከተማችን 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማእከል ኬሞቴራፒ የተባለው የካንሰር መድኃኒት ይሰጣል። ስለዚህም ሕመምተኛው መድኃኒቱን ወስዶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ከጎረቤቶቹ ጋር ይሰነብታል፤ ቡናውን ያሰጣል፤ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ይሰድዳል፤ ቀጠሮው ሲደርስም ተመልሶ ይሄዳል።

ከዚህ የተነሣ የሕመምተኛው ጠባቂ ሐኪም ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በሁለቱ ቀጠሮዎች መካከል ያለውን ጊዜ የሚጠብቁት ቤተ ሰቡ፣ ጎረቤቱና የልጁ መምህር ናቸው። ለእነዚህም ሰዎች አዲስ ነገር ገጥሟቸዋል። ከሕክምና ከሚመለሱት መካከል አንዳንዶቹ በደረታቸው ላይ፣ ከቆዳ ሥር፣ የአንድ ብር ሳንቲም ስፋት ያላት ጠንካራ እብጠት ይዘው ይመጣሉ። የሚያያት ሁሉ ልዩ ልዩ ነገር ይናገራል። አንዱ፣ «በሽታው ወደ ደረቱ ወጣ» ይላል። ሌላው፣ «ወጌሻ ይሽለት» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ስለ መሣሪያው ጥቂት ሰምቶ፣ «እኛም የቡና ማሳችንን ሸጠን እንዲህ ያለውን እናስገባ» ብሎ ያስባል። ሦስቱም ነገሩን በደንብ ቢያውቁት ኖሮ እንዲህ ባላሉም ነበረ። ይህች እብጠት ፖርት የምትባል የመድኃኒት መቀበያ ናት። የዚህ ወር ጽሑፋችን ምን እንደ ሆነች፣ ለማን እንደምታስፈልግና እንዴት እንደምትጠበቅ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

መድኃኒቱና የደም ሥር

ኬሞቴራፒ የካንሰርን ሕዋሳት የሚገድል ወይም እንዳይባዙ የሚከለክል መድኃኒት ነው። በኪኒን መልክ የሚዋጥ ቢኖርም አብዛኛው የሚሰጠው በደም ሥር ነው። ሕክምናውም በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም፤ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንት እየተደጋገመ ለብዙ ወራት ይዘልቃል። በአንዳንድ የሕፃናት የደም ካንሰር ከሁለት ዓመት በላይ የሚቀጥልበት ጊዜ አለ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ለመድኃኒቱም ለደም ምርመራውም የሕመምተኛው ክንድ ደጋግሞ ይወጋል።

ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ እጅግ ብርቱዎች ናቸው። ዶክሶሩቢሲን የተባለው ቀይ መድኃኒትና ቪንክሪስቲን የተባለው ሌላው መድኃኒት በደም ሥር ውስጥ እስካሉ ድረስ በሽታውን ይዋጋሉ። ነገር ግን መርፌው ከሥሩ ወጥቶ መድኃኒቱ ወደ ሥጋ ቢፈስ ሥጋውን ያቃጥሉታል። ቆዳው ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ይቆስላል፤ ቁስሉ ጠልቆ ጅማት ላይ የሚደርስበት ጊዜም አለ። ወደ ሥጋ ባይፈስም እንኳ ትንሿ የክንድ ሥር ብርቱውን መድኃኒት ደጋግማ ስትቀበል ትቆጣለች፣ ትጠነክራለች፣ በመጨረሻም ትዘጋለች።

ምክንያቱን ለማስረዳት አንድ ልክ እንስጥ። በክንድ ላይ ባለች አንዲት ሥር ውስጥ በአንድ ደቂቃ የሚያልፈው ደም አንድ የቡና ሲኒ ቢሞላ ነው። ከልብ በላይ ባለው ትልቁ ደም መላሽ ሥር ውስጥ ግን በአንድ ደቂቃ 2 ሊትር ያህል ደም ያልፋል። አንድ ማንኪያ በርበሬ በሲኒ ውሃ ቢጨመር ማን ይጠጣዋል? ያው በርበሬ በእንስራ ውሃ ቢበጠበጥ ግን ኀይሉ ይሰበራል። መድኃኒቱን ወደ ትልቁ ሥር ማድረስ ያስፈለገው ስለዚህ ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

እዚህ የምናነሣቸው ዘመናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1929 ቬርነር ፎርስማን የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም በኤበርስቫልደ ከተማ ባለ ሆስፒታል ሲሠራ፣ በግራ ክንዱ ሥር በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገፋው። ከዚያም ቱቦው በክንዱ ውስጥ እንዳለ ደረጃ ወርዶ ወደ ራጅ ክፍል ሄደና የቱቦው ጫፍ ልቡ ዘንድ መድረሱን በሥዕል አስመሰከረ። በዚያን ጊዜ ብዙ ወቀሳ ደረሰበት፤ ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ1956፣ ግን ከሌሎች ሁለት ሐኪሞች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የክንድ ሥር እስከ ልብ የሚያደርስ መንገድ መሆኑ በሕያው ሰው ላይ የታየው እንዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሌሎች ሰዎች ሥራ ተከተለ። በ1953 ስቬን ሴልዲንገር የተባሉ የስዊድን ሐኪም በቀጭን የሽቦ መሪ አማካይነት ቱቦን ወደ ደም ሥር ያለ ብዙ ጉዳት የማስገባትን ዘዴ ገለጡ። በ1970ዎቹ በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ለወራት በሥር ውስጥ የሚቆይ ለስላሳ ቱቦ ተሠራ፤ በ1979 ሮበርት ሂክማን አሻሽለውት እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ይህ ቱቦ ብዙ ሰው ረድቷል፤ ሆኖም ጫፉ ከደረት ቆዳ ውጭ ተንጠልጥሎ ስለሚቀር ዘወትር በፋሻ መጠበቅ ነበረበት፤ ለጀርምም መግቢያ ይሆን ነበረ። ስለዚህ ጫፉን ጭምር ከቆዳ ሥር የመቅበር ሐሳብ መጣ። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሐኪም የነበሩት ጆን ኒደርሁበር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1982 ጠቅላላው ከቆዳ ሥር ስለሚቀመጠው መሣሪያ ጽፈው አስታወቁ። ፖርት ከዚያ ወዲህ በዓለም ተሠራጨ።

መሣሪያውና አገባቡ

ፖርት ሁለት ክፍል አላት። አንደኛው ከቲታኒየም ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራች ትንሽ ዕቃ ናት፤ አፏ በወፍራም ሲሊኮን ተከድኗል። ሁለተኛው ከዕቃዋ ጋር የተያያዘ ለስላሳ ቀጭን ቱቦ ነው። ዕቃዋ በደረት ላይኛው ክፍል፣ ከአንገት ግርጌ ካለው አግዳሚ አጥንት በታች፣ በቆዳ ሥር ትቀመጣለች። ቱቦው በአንገት ወይም በትከሻ ሥር ባለ የደም ሥር ገብቶ ጫፉ ከልብ በላይ ባለው ትልቅ ሥር ውስጥ ያርፋል። የጡት ካንሰር ላለባት ሴት ዘወትር የሚመረጠው ሕመም የሌለበት ወገን ነው።

ሥራው በአብዛኛው ከአንድ ሰዓት አያልፍም። ቦታው በመርፌ ይደነዝዛል፤ ሐኪሙ ሥሩን በአልትራሳውንድ ይፈልጋል፤ የቱቦውን ጫፍ በራጅ ያረጋግጣል፤ ከዚያም ትንሿን ቁስል ይሰፋል። ሕፃናት ግን ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቷቸው ይተኛሉ። ቁስሉ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይድናል። ከዳነ በኋላ ሰውየው ገላውን መታጠብ፣ መሥራት፣ በፈለገው ጐን መተኛት ይችላል፤ መርፌ በሌለበት ጊዜ ከቆዳው ውጭ የሚታይ አንዳች ነገር የለም። ሕክምናው ሲፈጸምና ሐኪሙ ሲፈቅድ ፖርቷ በቀላል ቀዶ ሕክምና ትወጣለች።

ወደ ፖርት የሚገባው መርፌ ከተራው መርፌ የተለየ ነው። ተራ መርፌ ሲሊኮኑን እየቦረቦረ ስለሚያወጣው ክዳኑ ያፈስሳል። የፖርት መርፌ ግን ጫፉ ጐንበስ ያለ ስለ ሆነ ሲሊኮኑን ገልጦ ይገባል፤ ሲወጣም ክዳኑ መልሶ ይገጥማል። ስሙ የሁበር መርፌ ይባላል፤ ያወጡትም ራልፍ ሁበር የተባሉ የሲያትል ከተማ የጥርስ ሐኪም ናቸው። በዚህ መርፌ ሲሠራ ክዳኑ ከ1,000 ጊዜ በላይ መወጋትን ይችላል።

በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን ከሁሉ ይልቅ የሳበን የመሣሪያው ረቂቅነት አልነበረም። ነርሷ ወደ ሕመምተኛው ከመቅረቧ በፊት እጇን በሳሙና ረጅም ጊዜ ስትታጠብ፣ አፍና አፍንጫዋን ስትሸፍን፣ ንጹሕ ጓንት ስታጠልቅ፣ ቆዳውን በመድኃኒት ጠርጋ እስኪደርቅ ስትጠብቅ አይተናል። ከዚያም ደም በመሳብ መንገዱ ክፍት መሆኑን ታረጋግጣለች፤ ደም ካልመጣ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ብርቱውን መድኃኒት አትሰጥም። በመጨረሻም ቱቦውን በጨው ውሃ ታጥበዋለች፤ ብዙ ጊዜም ደም እንዳይረጋበት ሄፓሪን ትጨምርበታለች። ለዚህ ሥራ የምትይዘው ሲሪንጅ ከ10 ሚሊ ሊትር ያነሰ አይደለም፤ ትንሽ ሲሪንጅ ብርቱ ግፊት ስላለው ቱቦውን ሊቀድድ ይችላል። ፖርትን የሚጠብቃት እንግዲህ ውሃ፣ ሳሙናና ትዕግሥት ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ለሁሉ ሰው ታስፈልጋለችን?

አታስፈልግም። ይህን አጥብቀን የምንናገረው ለፖርት ሲል ሀብቱን ለመሸጥ የሚያስብ ስላለ ነው። ፖርት መድኃኒት አይደለችም፤ የመድኃኒት በር ናት። በበሩ የሚገባው መድኃኒት በክንድ ሥር ከሚገባው ጋር አንድ ነው። በአገራችን አብዛኛው ሕመምተኛ እስከ ዛሬ መድኃኒቱን የሚቀበለው ካኑላ በተባለች አጭር ቱቦ በእጁ ወይም በክንዱ ሥር በኩል ነው። ሕክምናው ለጥቂት ወራት ለሆነና ሥሮቹ ለሚታዩ ሰው፣ የሠለጠነ ነርስ እስካለ ድረስ፣ ይህ መንገድ ይበቃዋል። ፖርት ይበልጥ የምትጠቅመው ሕክምናው ለሚረዝምበት፣ ሥሮቹ ለደከሙበት፣ ወይም መድኃኒቱ ለብዙ ሰዓታትና ቀናት በዝግታ መፍሰስ ላለበት ሰው ነው።

ስለዚህ ፖርት የታሰበለት ሰው ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቅ። መጀመሪያ፣ ሕክምናዬ ምን ያህል ይቆያል? ሁለተኛ፣ የክንዴ ሥሮች ይህን ሊሸከሙ ይችላሉን? ሦስተኛ፣ ፖርቷ ከገባች በኋላ የሚያጥባት ማን ነው፣ የሁበር መርፌስ የት ይገኛል? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁለቱ የሚያንስ አይምሰላችሁ። መርፌውና የሠለጠነው እጅ በማይገኙበት ስፍራ በውድ ዋጋ የገባች ፖርት ከጥቅሟ ይልቅ ጉዳቷ ሊበዛ ይችላል።

በክንዱ ሥር መድኃኒት የሚቀበል ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። መድኃኒቱ በሚፈስበት ጊዜ ቢያቃጥለው፣ ቢያመው ወይም ቦታው ቢያብጥ በዚያች ደቂቃ ይናገር። በአገራችን ሕመምን ችሎ ዝም ማለት እንደ ጨዋነት ይቈጠራል፤ በዚህ ስፍራ ግን ዝምታ እጅን ያሳጣል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው እዚህ ላይ በእውነት ይሠራል።

ወባ የምትመስል ትኩሳት

አሁን ከሁሉ የከበደውን ነገር እንናገራለን። ኬሞቴራፒ የካንሰርን ሕዋሳት ሲያጠፋ ሰውነትን ከጀርም የሚጠብቁትን ነጭ የደም ሕዋሳትም ይቀንሳል። በብዙዎቹ መድኃኒቶች ቁጥራቸው እጅግ የሚያንሰው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ ሕመምተኛው በቤቱ፣ በአጋሮ ወይም በዙሪያው ባሉት ቀበሌዎች ያለበት ጊዜ ነው። በእነዚህ ቀናት የሚገባ ጀርም በሌላ ጊዜ ጉንፋን ያህል የማይከብደውን ሰው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ፖርት ያለበት ሰው ደግሞ ጀርም በቱቦው ላይ ከሰፈረ በቀጥታ ከደሙ ጋር ይቀላቀላል።

በእኛ አገር ግን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲመጣ የሁሉም አፍ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ «ወባ ነው» ይላል። ጎረቤት ያስቀረውን ኪኒን ያመጣል፤ ሌላው ማስታገሻ ከመድኃኒት ቤት ይገዛል፤ ሕመምተኛውም በጋቢ ተሸፍኖ እንዲያልበው ይደረጋል። ወባ በአካባቢያችን መኖሩ እውነት ነው፤ ስለዚህ የሚናገሩት ሰዎች አይነቀፉም። ኬሞቴራፒ በሚወስድ ሰው ላይ ግን ይህ ግምት ሌሊቱን ያሳልፋል፤ ሌሊቱም ሕይወቱን ሊያሳልፍ ይችላል።

ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው። ኬሞቴራፒ የሚወስድ ሰው ሙቀቱ 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሙቀት መለኪያ ባይኖርም ከተንቀጠቀጠ፣ ሳይነጋ፣ ማስታገሻ ሳይውጥ፣ በዚያች ሰዓት በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይወሰድ። የአጋሮ ሰው ወደ አጋሮ ሆስፒታል ይሂድ እንጂ ጅማ ካልደረስን ብሎ መኪና ሲፈልግ አይደር። እንደ ደረሰም የመጀመሪያ ቃሉ «ኬሞቴራፒ እወስዳለሁ፤ የመጨረሻውን የወሰድሁት በዚህ ቀን ነው፤ ፖርት አለኝ» የሚል ይሁን። እንዲህ ባለ ሕመምተኛ ላይ ፀረ ጀርም መድኃኒት ከደረሰ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ እንዲጀመር ይመከራል። የወባ ምርመራ ሊደረግ ይችላል፤ መድኃኒቱ ግን የምርመራውን ውጤት አይጠብቅም።

ከትኩሳት ሌላ የፖርቷ ቦታ ቢቀላ፣ ቢግል ወይም መግል ቢያወጣ፣ በፖርቷ ወገን ያለው ክንድ ወይም አንገት ቢያብጥ፣ ወይም ሰውየው ትንፋሽ ቢያጥረው እንዲሁ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ። የክንድና የአንገት እብጠት በሥሩ ውስጥ ደም የመርጋቱ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ቤተ ሰብ፣ ጎረቤትና መምህር ምን ያድርጉ?

ፖርትን ማሸት፣ መጫንና ማዘዋወር አይገባም። ወጌሻ ለተሰበረና ለተወለገ አጥንት የሚታወቅ ባለ ሙያ ነው፤ በፖርት ላይ ግን ሥራ የለውም። ዋግምትም በዚያ ቦታ አይደረግም። በቡና ለቀማ ጊዜ ፖርት ያለበት ሰው የቅርጫቱን ጠፍር በዚያ ትከሻ አያንግት፤ ጆንያም አይሸከም።

ከሠለጠነ ባለ ሙያ በቀር ማንም በፖርት መርፌ አያስገባ። «ሥር አጥተናል፣ በዚህ በኩል እንስጠው» የሚል መርፌ ወጊ ቢመጣ አሳቡ ቅን ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መርፌው ክዳኑን ያበላሻል፣ እጁም ጀርምን እስከ ልብ ደጃፍ ያደርሳል። በትሕትና፣ ግን በጽናት ይከልከል።

ፖርት ሥራ በሌላትም ጊዜ መታጠብ ይገባታል። የተለመደው በየ4 እስከ 6 ሳምንት አንድ ጊዜ ነው፤ ሐኪሙ ጊዜውን ሊያራዝመው ይችላል። የቡና ወራት ሲሆን ሥራ ስለሚበዛ፣ ክረምት ሲሆን መንገዱ ስለሚከፋ ይህ ቀጠሮ መረሳት ይወዳል። የተረሳች ፖርት ደም ይረጋባትና ትዘጋለች፤ የወጣባትም ገንዘብ ከንቱ ይቀራል። ቀኑን በግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ማስመር ትንሽ ነገር ሆኖ ሳለ ብዙ ይጠቅማል።

ክቡራን መምህራን፤ በክፍላችሁ የደም ካንሰር ሕክምና የሚወስድ ልጅ ቢኖር ጠጕሩ ረግፎ፣ በደረቱም ላይ ይህች እብጠት ኖራ ታዩት ይሆናል። ካንሰር ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ለተማሪዎቻችሁ አስረዱ፤ አጠገቡ የሚቀመጥ ልጅ አይከልከል። በጨዋታ ጊዜ ደረቱ ላይ እንዳይመታ፣ የደብተር ቦርሳውም ማንገቻ በፖርቷ ላይ እንዳያርፍ ተጠንቀቁ። ጉንፋን ወይም ኩፍኝ በክፍሉ ውስጥ ሲገባ ለወላጆቹ በዚያው ቀን ንገሩ። ፊቱ ቢቀላና ቢንቀጠቀጥ የትምህርቱን ማለቂያ አትጠብቁ። እጅ የመታጠብን ትምህርት ስታስተምሩም የጠቅላላውን ክፍል ጤና ስትጠብቁ የዚያን ልጅ ሕይወት እንደምትጠብቁ አትዘንጉ።

ሕመምተኛውም በኪሱ አንዲት ወረቀት ይያዝ። በላይዋ ላይ የበሽታው ስም፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ የመጨረሻው የሕክምና ቀን፣ ፖርቷ የገባችበት ቀንና የሚያክመው ክፍል ስልክ ይጻፍ። መጻፍ የማይችል ጎረቤት ያላችሁ አንባቢዎቻችን ይህን ወረቀት ዛሬውኑ ጻፉለት። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ በሌሊት ለሚቀበለው ሐኪም ግን ከብዙ ጥያቄ ያድነዋል፣ ለሕመምተኛውም ጊዜ ያተርፍለታል።